ለበረዶ ወቅት በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና መግዛት የግድ ነው?

ከዴንቨር ከተማ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና የሮኪ ተራሮችን የሚያቋርጠው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቆፈረው የአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ነው። በረዶ በሚጥልበት ቀን ወደ ዋሻው የሚያቀኑ አሽከርካሪዎች የሚጨነቁት ዳገቱን ስለ መውጣት ነው። መኪናቸው በእርግጥ የሚፈተነው ግን ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ ነው።

በዴንቨርና በአጎራባቿ ኦሮራ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። በታክሲ፣ በአየር ማረፊያ ማመላለሻ እና በስልክ መተግበሪያ በሚጠራ የመኪና አገልግሎት የሚተዳደሩት ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች መኪና የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ በረዶ ጣለ ተብሎ ቤት የሚዋልበት ቀን ገቢ የሌለው ቀን ነው። አዲስ መጤ መኪና ሊገዛ ሲነሳ ቀድመው ከመጡት ወገኖቹ የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ "ፎር ዊል ካልሆነ እንዳትነካው" የሚል ነው። በሚኒያፖሊስም ሆነ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልምም ሆነ በኦስሎ ምክሩ ተመሳሳይ ነው።

ምክሩ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው፤ የጎደለው ግማሽ ደግሞ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ነው።

ኃይሉ ወደ የትኛው ጎማ ይሄዳል?

ሞተር የሚያመነጨውን ኃይል መሬት ላይ የሚያሳርፉት ጎማዎች ናቸው። በአንዳንድ መኪኖች ይህን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች፣ በሌሎች የኋላዎቹ፣ በቀሩት ደግሞ አራቱም ናቸው። በኢትዮጵያ መንዳት የተማረ ሰው በኋላ ጎማ ለሚነዳ መኪና እንግዳ አይደለም። በየከተማው ተሳፋሪ የሚያመላልሰው ሃይሉክስ መሰል ፒካፕ አራቱን ጎማ ካላስገባ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙ የጭነት መኪናው፣ በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ፣ ሁሉም የሚገፉት ከኋላ ነው።

አሠራሩ ጥቅም አለው። መኪና ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያርፍ የኋላ ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የፊት ጎማዎችም መሪን ከመታዘዝ በስተቀር ሌላ ሥራ አይኖራቸውም። ችግሩ የሚመጣው መንገዱ ሲያንሸራትት ነው። ሞተሩ ከፊት የተቀመጠ፣ ከኋላ ጭነት የሌለው ፒካፕ ከክብደቱ የሚበዛው ክፍል የሚያርፈው ኃይል በማይደርሳቸው ጎማዎች ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ ደግሞ ተራ ከሆነ አንደኛው የኋላ ጎማ በረዶ ላይ በባዶ ሲሽከረከር ሌላኛውም የመግፋት አቅሙን ያጣል። መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ያበዛ ሰው የመኪናው ጅራት ወደ ጎን ሲያመልጥበት ያያል። በሰሜን አሜሪካ ባዶ ፒካፕ የሚነዱ ሰዎች በኋላ እግሩ ትክክል የአሸዋ ከረጢት የሚጭኑት ለዚህ ነው፤ በጭቃ የተያዘ መኪና ላይ ሰው አስቆመው ላስወጡት የአገር ቤት ሾፌሮች ዘዴው አዲስ አይሆንም።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ኃይሉ በአራት ጎማ ስለሚከፋፈል አንዱ ቢንሸራተት ሌሎቹ ይጎትታሉ ወይም ይገፋሉ። እርግጥ "አራቱም" የሚለው ስያሜ ብዙ ዓይነት አሠራር ይሸፍናል። አንዳንዶቹ አራቱን ጎማ ሁልጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። በርካታ ዘመናዊ የቤት መኪኖች ግን በአዘቦቱ በሁለት ጎማ ሄደው ጎማ ሲንሸራተት ብቻ ኃይሉን ለሌሎቹ ያካፍላሉ። በብዙ ፒካፖች ላይ አሽከርካሪው ራሱ የሚያስገባው "ፎር ባይ ፎር" ደግሞ ለጭቃና ለበረዶ እንጂ ለደረቅ አስፋልት አልተሠራም።

ለመነሳት ያገለግላል፣ ለመቆም ግን…

ማንኛውም መኪና፣ በየትኛውም ጎማ ይነዳ፣ ፍሬን ያለው በአራቱም ጎማ ላይ ነው። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ኃይሉን ለስንት ጎማ ያከፋፍል እንደነበር ትርጉም ያጣል። በዚያች ቅጽበት መኪናውን የሚያቆመው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። መታጠፍም እንዲሁ ነው፤ መኪናውን በመስመሩ ላይ የሚያቆየው ያው ሰበቃ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይነሳል። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚበተነውንም፣ ውሃ ረግቶ የሚሠራውን ድንጋይም "በረዶ" እንላቸዋለን። ለጎማ ግን እነዚህ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። የደረቅ አስፋልት የሰበቃ መጠን 0.8 አካባቢ ነው። በመኪኖች የተጨፈለቀ አመዳይ ላይ ወደ 0.2 ይወርዳል፤ በረጋ በረዶ ላይ ደግሞ 0.1 ገደማ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት በዚህ ስሌት በደረቅ አስፋልት 12 ሜትር፣ በተጨፈለቀ አመዳይ 49 ሜትር፣ በረጋ በረዶ ላይ 100 ሜትር ገደማ ነው። እግር ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ያለፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በአራቱም ጎማ የሚነዳው መኪና ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አያሳጥርም።

እንዲያውም አንድ ስውር ጉዳት አለው። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ገና ሲነሳ ስለሚንሸራተት ለአሽከርካሪው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በአራቱም የሚነዳው ግን ምንም ሳያሳውቅ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አሽከርካሪው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት የሚረዳው ከፊቱ ቀይ መብራት ወይም የቆመ መኪና ሲያይ ነው። ይህ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ላይ ለሚነዳ ሰው ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ይመስለናል።

ጎማው ራሱ

የበጋ ጎማ ላስቲክ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የመንገዱን ገጽ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። የክረምት ጎማ የሚሠራው በቅዝቃዜ እንኳ ለስላሳ ሆኖ ከሚቆይ ላስቲክ ነው። ጥርሶቹም ላይ በርካታ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ እነዚህ አመዳዩን ነክሰው ይይዛሉ። ጎማው በእርግጥ ለበረዶ የተሠራ መሆኑ የሚታወቀው በጎኑ ላይ ባለው ምልክት ነው፦ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት። ብዙ ሰው የሚያውቀው "ኤም ፕላስ ኤስ" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ተመሳሳይ ዋስትና አይሰጥም።

ልዩነቱ በሜትር ሲለካ ይታያል። በጥሩ የክረምት ጎማ የሰበቃው መጠን በተጨፈለቀ አመዳይ ላይ ከ0.2 ወደ 0.3 ከፍ ቢል፣ ከላይ የተጠቀሰው 49 ሜትር ወደ 33 ሜትር ይወርዳል። የተረፈው 16 ሜትር ሦስት የቤት መኪኖች ተከታትለው የሚቆሙበት ርዝመት ነው። እግረኛ ማቋረጫ ላይ ይህ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕግ አውጪዎችም ይህን የተገነዘቡ ይመስላል። በካናዳ የኩቤክ ግዛት ከ2008 ጀምሮ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፤ አሁን ግዴታው የሚጸናው ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ነው። ጀርመን መንገዱ በረዶ ሲሆን ተስማሚ ጎማ መግጠምን ታስገድዳለች፤ ከኦክቶበር 2024 ወዲህም የምትቀበለው የተራራውን ምልክት የያዘውን ብቻ ነው። ሁለቱም መኪናው በስንት ጎማ እንደሚነዳ አይጠይቁም።

ኮሎራዶ ለአራቱም ጎማ ዋጋ ትሰጣለች፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። በዶትሴሮና በሞሪሰን መካከል ባለው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የኢንተርስቴት 70 ክፍል፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በሚጸናው ሕግ መሠረት በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና እንኳ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። በሁለት ጎማ የሚነዳው ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። ያላሟላ አሽከርካሪ ከ130 ዶላር በላይ ይቀጣል፤ መንገድ ከዘጋ ደግሞ ቅጣቱ ከ650 ዶላር ያልፋል።

ታዲያ የትኛው ይገዛ?

በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ለበረዶ አይሆንም የሚለውን አባባል ታሪክ አይደግፈውም። አዲስ አበባ በታክሲነት የምታውቀው ላዳ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ሲመረት በሩሲያ በረዶ እንዲመላለስ ታስቦ ነበር። ስዊድናውያን ከ1974 እስከ 1993 በተመረተው ቮልቮ 240 በርካታ ክረምቶችን አሳልፈዋል። ሁለቱም በኋላ ጎማ የሚነዱ ነበሩ።

ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን አሠራር መልሰው አምጥተውታል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 4 ባለ አንድ ሞተር ዓይነት የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ በሆኑባት ኖርዌይም እንዲህ ያሉ መኪኖች በበረዶ ላይ ይመላለሳሉ። ባትሪው ከወለሉ ሥር፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሚቀመጥ የኋላ ጎማዎች እንደ ባዶ ፒካፕ አይቀሉም፤ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሥርዓትም በቅጽበት ኃይሉን ይቀንሳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ነዳጅ መስጫውን ሲለቁ መኪናው ራሱን እያዘገመ ባትሪውን የሚሞላበት አሠራር በእነዚህ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። በረጋ በረዶ ላይ እግርን ድንገት ማንሳት ጅራቱን ሊያስት ስለሚችል፣ ማስተካከያ ካለው የኃይል መመለሻውን ዝቅ ማድረግ ይመከራል።

ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ነዋሪውም ከተማ ውስጥ፣ በረዶው ቶሎ በሚጠረግበት ሰፈር የሚኖር ከሆነ፣ ለአራቱም ጎማ የሚጨመረውን ዋጋ ለክረምት ጎማ ማዋል የተሻለ ነው። የክረምቱና የበጋው ጎማ እየተፈራረቁ ስለሚያገለግሉ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። በአራቱም የሚነዳ መኪና በአንጻሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ በብዙዎቹ ላይ አንድ ጎማ ብቻ አዲስ መቀየርም ከሌሎቹ ጋር ባለው የመጠን ልዩነት ምክንያት ማስተላለፊያውን ሊጎዳ ይችላል።

ቤቱ ቀጥ ካለ ዳገት ላይ ላለ፣ አካፋ ያልነካውን መንገድ ረፋድ ሳይሆን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ለሚያቋርጥ፣ ወይም ተሳፋሪ ይዞ ወደ ተራራ ለሚወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለእርሱ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ቅንጦት አይደለም። የክረምት ጎማ ግን ለእርሱም አይቀርም፤ የወጣውን መውረድ አለበትና።

ወጪ ለመቀነስ ሁለት የክረምት ጎማ ብቻ ገዝቶ ኃይል በሚያገኙት ላይ መግጠም የተለመደ ስህተት ነው። ከኋላ ብቻ ከተገጠመ መኪናው ይነሳል፣ መሪው ግን አይታዘዝም። ከፊት ብቻ ከተገጠመ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ጅራቱ ይዞራል። ጎማው የሚገጠመው በአራቱም ላይ ነው።

የመጀመሪያው አመዳይ በጣለ ቀን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጎ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ፍሬን አጥብቆ መያዝ ብዙ ያስተምራል። መኪናው የት እንደሚቆም በዓይን ይታያል። የፍሬኑ ፔዳል ከእግር ሥር ሲንቀጠቀጥና ሲያንጎራጉር ብዙዎች ደንግጠው ይለቁታል። መልቀቅ አያስፈልግም፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት ሥራውን እየሠራ ነው። ጅራቱ ካመለጠም ከነዳጅ መስጫው ላይ እግርን ቀስ ብሎ አንስቶ መሪውን መሄድ ወደተፈለገበት አቅጣጫ ማዞር ይገባል።