የእሁድ መኪና ከየትኛው ኪስ ይገዛል?



የለንደን ብርድ ለቆ ፀሐይ ብቅ ማለት ስትጀምር በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል። ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ሲቆም ወይም የታክሲ መሪ ይዞ ሲዞር የከረመ ሰው፣ «ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት መቀመጫ ያላት ያገለገለች የስፖርት መኪና አይቻለሁ፤ ለእሁድ ብቻ ነው የምነዳት። በድርጅቱ ስም ልግዛት ወይስ በራሴ?» ይለኛል።

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ደክሞ የሠራ ሰው ቢዝናና መብቱ ነው። ሆኖም በ5,000 ፓውንድ የተገዛች መኪና በተሳሳተ ስም ከተመዘገበች በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ 5,000 ፓውንድ ልታስወጣ ትችላለች። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመልከት።

በማን ስም ትገዛ?

ኩባንያ ካለዎትና መኪናዋን ኩባንያው ገዝቶ እርስዎ ለግልዎ ከነዷት፣ ሕጉ እንደ ተጨማሪ ደመወዝ ይቆጥረዋል። ስሌቱ የሚነሣው እርስዎ ከከፈሉት ዋጋ አይደለም፤ መኪናዋ አዲስ ሳለች ከነበራት የዝርዝር ዋጋ ነው። በዚያ ላይ እንደ ጭሷ መጠን እስከ 37 በመቶ ይታሰባል፤ የቆዩ የስፖርት መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ከፍተኛው ላይ ወይም አጠገቡ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ ሳለች 20,000 ፓውንድ የነበረችውን መኪና ኩባንያዎ በ5,000 ፓውንድ ገዛት እንበል። የ20,000ው 37 በመቶ 7,400 ፓውንድ ነው፤ ይህ በየዓመቱ እንደ ገቢዎ ይቆጠራል። የ20 በመቶ ከፋይ ከሆኑ 1,480 ፓውንድ፣ የ40 በመቶ ከፋይ ከሆኑ ደግሞ 2,960 ፓውንድ የገቢ ታክስ ይመጣብዎታል። ኩባንያውም ከአፕሪል 2025 ጀምሮ 15 በመቶ በሆነው የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ 1,110 ፓውንድ ይከፍላል። ለአነስተኛው ከፋይ እንኳ ድምሩ በዓመት 2,590፣ በሁለት ዓመት 5,180 ፓውንድ ይሆናል። መኪናዋ ጋራዥ ቆማ ብትከርምም፣ ለእርስዎ ዝግጁ እስከሆነች ድረስ ሂሳቡ አይቀርም። ቤንዚኑንም ኩባንያው ከከፈለ ሌላ ታክስ አለበት።

«ኩባንያው ወጪውን ከትርፉ ይቀንስ የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ይቀንሳል፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የሚፈቀደው በዓመት 6 በመቶ ብቻ ነው። ከ5,000 ፓውንዱ በመጀመሪያው ዓመት የሚቀነሰው 300 ፓውንድ ሲሆን፣ በ19 በመቶ የኩባንያ ታክስ ሲሰላ የሚያድንልዎት 57 ፓውንድ ነው። 57 ፓውንድ ለማዳን 2,590 ፓውንድ መክፈል ንግድ አይደለም።

ቫቱስ? ለግል አገልግሎት የምትውል መኪና ስትገዛ የተከፈለው ቫት አይመለስም። በዚያ ላይ ያገለገሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ቫት በነጋዴው ትርፍ ላይ ብቻ በሚታሰብበት ዘዴ ስለሆነ፣ ደረሰኙ ላይ የሚመለስ ቫት አያገኙም።

ታክሲ ነጂው በተለይ ልብ ይበል። ራስዎን ቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ የሚሠሩበት ፕሪየስ የሥራ መሣሪያ ስለሆነ ወጪው በሂሳብ መዝገብዎ ይገባል። የእሁዷ መኪና ግን መዝናኛ ናት። የእርሷን ኢንሹራንስና ጥገና ከታክሲው ደረሰኞች መካከል መሰግሰግ ሐሰተኛ ሂሳብ ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ሲደርስበት ከታክሱና ከወለዱ ሌላ፣ በቸልተኝነት ለተፈጸመ ስሕተት እስከ 30 በመቶ፣ ሆን ተብሎ ለተደረገው ደግሞ እስከ 70 በመቶ፣ ከተደበቀም እስከ 100 በመቶ ቅጣት ይጥላል።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ በራስዎ ስም፣ ታክሱ በተከፈለበት በራስዎ ገንዘብ ይግዙ። ይህ ሁለት ተጨማሪ ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የግል መኪናዎ ውላ አድራ ዋጋዋ ቢጨምርና በትርፍ ቢሸጧት በትርፉ ላይ ታክስ የለም፤ እርግጥ እየገዙ መሸጥን ሥራዬ ብለው ካልያዙት ነው። ሁለተኛ፣ በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ የሚጠብቀው ግለሰብ ሸማችን ነው። ከነጋዴ የገዟት መኪና ጉድለት ቢገኝባት በ30 ቀን ውስጥ መልሰው ገንዘብዎን መጠየቅ ይችላሉ። ገዢው ኩባንያ ከሆነ ግን ይህ ጥበቃ የለውም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። በጸደይ ወራት ባንክ ውስጥ ተቀምጦ የሚታየው ገንዘብ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። ከፊሉ የጁላይ 31 እና የጃንዋሪ 31 ታክስ፣ ከፊሉም በአደራ የያዙት ቫት ነው። በእርሱ መኪና የገዛ ሰው ጃንዋሪ ሲደርስ መኪናዋን በርካሽ ይሸጣል፤ በብርድ ወራት ደግሞ ክፍት መኪና ፈላጊዋ ጥቂት ነው። የዕቁብ ዕጣ ሲደርስዎ ወይም ከትርፍዎ ለይተው ያስቀመጡት ሲሞላ ይግዙ፤ የሚገዙትም ገበያው በሚቀዘቅዝበት በብርዱ ወራት ቢሆን ይመረጣል።

ዩሌዝና የመንገድ ታክስ

በዚህ አገር በብዛት የምትገኘው የዚህ ዓይነት መኪና ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓለም ቀረበች፤ በ2016 የተሠሩት ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ። የ1990ዎቹ ስሪት በዋጋ ሊያጓጓዎት ይችላል። ነገር ግን ዩሌዝ ከኦገስት 29፣ 2023 ጀምሮ የለንደንን ክፍለ ከተሞች በሙሉ ይሸፍናል። የቤንዚን መኪኖች መለኪያውን የሚያሟሉት ባብዛኛው ከ2006 ወዲህ የተመዘገቡት ናቸው። የማታሟላ መኪና በነዷት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ትከፍላለች፤ ቅዳሜና እሁድን ለ50 ሳምንት ቢነዷት 1,250 ፓውንድ ነው። ወደ ብራይተን ብቻ ነው የምሄደው ማለት አያድንም፤ ከቤትዎ የሚነሡት ከዞኑ ውስጥ ነውና። ከመግዛትዎ በፊት የሰሌዳ ቁጥሯን በለንደን ትራንስፖርት መፈተሻ ያረጋግጡ። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ታሪካዊ መኪኖች ነፃ ናቸው።

ትልቅ ሞተር ያላትን ከመረጡ ደግሞ ማርች 23፣ 2006ን ያስታውሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ማርች 2017 የተመዘገበችና በኪሎ ሜትር ከ225 ግራም በላይ ጭስ የምታወጣ መኪና የመንገድ ታክሷ በዓመት ከ700 ፓውንድ ይበልጣል። ከዚያ ቀን በፊት የተመዘገበችው እኅቷ የምትከፍለው በጣም ያነሰ ነው። የመንገድ ታክስ ከ2014 ወዲህ ከመኪናው ጋር ለገዢ አይተላለፍም፤ ነድተው ከመውጣትዎ በፊት በስምዎ ይክፈሉ።

ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት

የኤም ኦ ቲ ታሪኳን በመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ያንብቡ፤ «ዝገት» የሚለው ቃል በየዓመቱ ከተደጋገመ ይለፏት። በኤም ኤክስ 5 ላይ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለውን የበሩን ሥር ይመልከቱ። የሸራ ጣሪያው ውኃ መውረጃ ሲደፈን ውኃው እዚያ ተጠራቅሞ ብረቱን ይበላዋል። ምንጣፉን አንሥተው እርጥበት ካለ ይዳስሱ።

ሎግ ቡክ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ይህንኑ ራሱ ወረቀቱ ይናገራል። ስለዚህ ጥቂት ፓውንድ ከፍለው የብድር ዕዳ ወይም የአደጋ ታሪክ እንዳለባት ያስመርምሩ።

የታክሲ ኢንሹራንስዎ ይህችን መኪና አይሸፍንም። ያለ አደጋ በመንዳት ያገኙት ቅናሽም ብዙ ጊዜ በአንድ መኪና ላይ ብቻ ስለሚሠራ ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ። ለመዝናኛ ብቻ በተገባ ኢንሹራንስ የሱቅ ዕቃ አያመላልሱ።

«ስጠግባት አገር ቤት ልኬ እሸጣታለሁ» የሚለውንም ስሌት ይተዉት። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ አግዳለች።

የታክስ መጠኖች በየአፕሪሉ ሊለወጡ ስለሚችሉ በሚገዙበት ዓመት እንደገና ያስሉ። ሂሳቡ ተሠርቶ፣ የጃንዋሪው ታክስ ተለይቶ ተቀምጦ፣ ገንዘቡ ከተረፈ ግን ጣሪያውን ከፍተው ይንዱ። ማንም የማይጠይቅዎት መኪና፣ ንጹሕ በሆነ ገንዘብ በራስዎ ስም የገዟት ናት።

መልካም እሁድ ይሁንልዎ።