ደመና ተከታዮች

ነጎድጓድ ሲያስገመግም አብዛኛው ሰው መጠለያ ይፈልጋል። ሆኖም ደመናው ወደሚታይበት አቅጣጫ የሚጓዙ ሰዎችም አሉ። አንዳንዶቹን የሚያስኬዳቸው ፍቅር ነው፤ ሌሎቹን ደግሞ ኑሮ።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አሜሪካዊው ዴቪድ ሆድሊ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በሰሜን ዳኮታ፥ በቢስማርክ ከተማ፥ ገና በወጣትነቱ ወጀብን በመኪና መከተል ጀመረ። ይህንኑ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይዞ ቆየ። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለመሰሎቹ የሚሆን መጽሔት አቋቋመ።

ሁለተኛዎቹን ለማግኘት ከጅጅጋ በስተምሥራቅ ድንበሩን ተሻግረን ሐርጌሳ ብንደርስ ይበቃል። በዚያ አካባቢ ጉ የሚባለው ዋናው ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይዘንባል፤ ካረን የተባለው ከሐምሌ በኋላ ይከተላል። መሬቱ በቀን ሲግል እርጥበት ያዘለው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ደመናው ግን በየስፍራው ተነጣጥሎ ስለሚቆም አንዱ ሸለቆ ሲረሰርስ ጎረቤቱ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ አርብቶ አደሩ መንጋውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ቃኚ ይልካል። ይህ ሥራ በሱማልኛ ሳሃን ይባላል። ቃኚው ዝናቡ የት እንደጣለ፥ ሣሩ እንዴት እንደሆነ፥ ውሃ መቋጠሩንና ማን ቀድሞ እንደሰፈረ አይቶ ይመለሳል። ወሬው ከተሳሳተ መንጋው ያልቃል።

ዝናቡ በረከት ብቻ አይደለም። በሐርጌሳ መካከል የሚያልፈው ማሮዲ ጄህ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ ከዘነበ ግን ደራሽ ይወርድበታል። ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ የሶማሊላንድን ምዕራባዊ ጠረፍ መትቶ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ከብትም ጨርሷል። እውቀትም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም፦ በ2013 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ፥ ኤል ሬኖ አጠገብ፥ ልምድ ያለው ተመራማሪ ቲም ሳማራስ ከልጁና ከባልደረባው ጋር በአዙሪት ነፋስ ሞቷል።

ታዲያ ተማሪዎቻችንን ወደ ወጀቡ ሩጡ ልንላቸው አይገባም። ልናስተምራቸው የሚገባን የሳሃንን ቁም ነገር ነው፤ ይኸውም በጥንቃቄ ማየትና ያዩትን በትክክል መናገር። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያሻም። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ገላጣ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይመዝገብ። መብረቅ ሲበርቅ፥ ቤት ውስጥ ሆነው፥ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንዱን ይቁጠሩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ ማንም ውጭ መቆየት የለበትም፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መዝገቡ በአንድ ክረምት ጥቂት ይናገራል፤ በአሥር ክረምት ግን የአካባቢው ታሪክ ይሆናል። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የተጀመረ ይህን የመሰለ ልማድ ተማሪውን ዕድሜ ልኩን ሊከተለው፥ አንድ ቀንም ከደራሽ ሊያድነው ይችላል።