ዓይንን አምኖ መብረር

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በቀጥታ ይበርራል፣ ከኋላው ትንሽ አውሮፕላን እየዞረ ይመጣና ይገባበታል። በቃ። እኔ ሰሞኑን ጪጩ ቡና እየጠጣሁ ስልኬ ላይ ድጋሚ መጣብኝ። አጠገቤ የነበረው ልጅ አጮልቆ አየና «ጌም ነው አይደል?» አለኝ።

ጌም አይደለም። ህዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ዳላስ ውስጥ የሆነ ነው፤ ስንቶቻችን አክስት ወይም የአጎት ልጅ ያለንበት ዳላስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የአየር ትርዒት ላይ አንድ ቢ-17 ቦምብ ጣይና ኪንግኮብራ የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ተጋጩ። በቦምብ ጣዩ ውስጥ አምስት፣ በተዋጊው አንድ፣ በድምሩ ስድስት ሰው ሞተ። መሬት ላይ የነበረው ሕዝብ ተርፏል።

ብዙ ሰው ወዲያው «ያረጀ ብረት ነዋ!» አለ። እኔም ብያለሁ። ቢ-17 ከ12,700 በላይ ተመርቶ ዛሬ መብረር የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የሰማንያ ዓመት ማሽን ቢከዳ አይገርምም። ግን እኮ የከዳው ማሽኑ አልነበረም።

በዕለቱ ሁለት ቡድን ነበር፦ ተዋጊዎቹ አንድ ላይ፣ ቦምብ ጣዮቹ አንድ ላይ። ተዋጊዎቹ በመስመር ሆነው ከቦምብ ጣዮቹ ፊት እንዲያልፉ በሬዲዮ ታዘዙ። ማን በስንት ከፍታ እንደሚበር ግን ከመነሳታቸው በፊትም ሆነ አየር ላይ አልተነገራቸውም። መርማሪው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2024 መጨረሻ ዋናው መንስኤ ብሎ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፤ አውሮፕላኖቹን የሚያራርቅ አስቀድሞ የተነገረ በቂ ዕቅድ አልነበረም። የተተማመኑት ኤር ቦስ በሚባለው የትርዒቱ አዛዥ የሬዲዮ ትእዛዝና በአብራሪዎቹ ዓይን ነው።

ዓይን ደግሞ ወሰን አለው። ኪንግኮብራው ወደ ግራ አጋድሎ እየዞረ ነበር። አውሮፕላን ሲያጋድል የራሱ አካል ለአብራሪው ግድግዳ ይሆንበታል። ልምድ ያለው አብራሪም ቢሆን በብረት ውስጥ አሻግሮ አያይም።

ይሄ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጪጩ የሚያልፈው የዲላ መንገድ ላይ ባጃጅና አይሱዙ የሚተላለፉት በዓይንና በክላክስ ነው። ሺህ ቀን ይሠራል። ኢኮኖሚክስ ስንማር ነፃ የሚመስል ነገር ዋጋው ሌላ ቦታ ተጽፏል ይሉን ነበር፤ ዕቅድ አለማውጣትም እንደዚያው ነው፣ በየቀኑ ወጪ ይቀንሳል፣ ሂሳቡ የሚመጣው አንድ ቀን ነው።

እኛም አሮጌ አውሮፕላን አለን። እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችን ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» ጣሊያኖች ወስደዋት በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። «አንድ ቀን ብትበር!» የሚል ጓደኛ አለኝ፤ ስሜቱ ይገባኛል፣ ቆሞ ማየትና ሲበር ማየት አይገናኙም። ግን እሱ የሚጠይቀው ሞተሯ ይነሳ እንደሆነ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ወረቀቱን ማየት እፈልጋለሁ፦ የዚያን ቀን ሰማይ ላይ ሌላ ማን አለ፣ በስንት ከፍታ?