ለቼዝ ግጥሚያ ሰውነትንም ያዘጋጁ

ቼዝ የአእምሮ ጨዋታ ቢሆንም ድካሙ ለሰውነትም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የተጀመረው የካርፖቭና የካስፓሮቭ የዓለም ሻምፒዮና ከ5 ወራትና ከ48 ጨዋታዎች በኋላ አሸናፊ ሳይለይ ተቋርጧል፤ የተሰጠው ምክንያትም የተጫዋቾቹ መዳከም ነበር።

የክለብ ተጫዋቾች ግጥሚያም ቀላል አይደለም። ለእያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ከተሰጠ ሁለቱ ተጋጣሚዎች እስከ 3 ሰዓት ሊቀመጡ ይችላሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ልብ ይመታል፤ አንገትና ትከሻ ይወጠራል፤ የደከመ አእምሮም ይሳሳታል። እንደ አምባ ጊዮርጊስ ባለ ደጋ ደግሞ ብርዱ ይጨመርበታል።

ስለዚህ በዋዜማው በቂ እንቅልፍ ይተኙ፤ ቁርስ ሳይበሉ አይቀመጡ። ጋቢ ወይም ሹራብ ይደርቡ፤ የሚጠጡት ውሃ አይለይዎ። ቡና በላይ በላዩ መጠጣት እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እንቅልፍም ይነሳል። ተራው የተጋጣሚዎ ሲሆን ተነሥተው ጥቂት ይንቀሳቀሱ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በግጥሚያው ቀን አያቋርጡት።

ከሁሉም በላይ፣ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ «ይህን ጨዋታ ልጨርስና» አይበሉ። ለዳኛው ተናግረው ወዲያውኑ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጨዋታውን ሌላ ቀን ይደርሱበታል።