ዶሮዋም ትጠየቅ፦ ስለ ዶሮ ኬጅ አሠራር

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ተረቱ ስለ ሰው ነው እንጂ ስለ ዶሮ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ቃል በቃል ተቀብሎት፣ ጥሬና ውኃ ካገኘች ዶሮ ሌላ አያሻትም ብሎ ያምናል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳዩ የሚያሳስብበት ምክንያት አለው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ግቢዎች የሽቦ ኬጅ እየተለመደ መጥቷል። ከወግዲና ከመካነ ሰላም የመጣን ተማሪዎችም ለዕረፍት ስንመለስ «እናንተ የተማራችሁ፣ እንዴት አድርገን እንሥራው?» መባላችን አይቀርም።

ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በገጠራችን ዶሮ ቀን በጓሮ ስትጭር ትውላለች፤ ፀሐይ ሲወጣ በደረቅ አፈር ወይም በአመድ ትንከባለላለች፤ ሲመሽ ቆጥ ላይ ትወጣለች፤ እንቁላሏ ሲደርስ ጨለም ያለ ጥግ ትፈልጋለች። እነዚህ አራት ነገሮች ትርፍ አይደሉም። መጫር ሥራዋ ነው፤ ሥራ ያጣች ዶሮ የጓደኛዋን ላባ መንቀል ትጀምራለች፤ ነገሩም እስከ መገዳደል ይደርሳል። አመዱ የቆየ ቅባትና ተባይ ከላባዋ ያራግፍላታል። ቆጥ መውጣትና መውረድ ደግሞ አጥንቷን ያጠነክራል፤ ካልሲየሟን ለእንቁላል ቅርፊት የምትሰጥ እንስሳ ሳትንቀሳቀስ ከኖረች አጥንቷ በቀላሉ ይሰበራልና።

ይህን ስንል የገጠሩ አያያዝ ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ጫጩቱን ቀን ጭልፊት፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ ይለቅመዋል። ስለዚህ የምንነቅፈው ኬጅን ሁሉ ሳይሆን ባዶውን ኬጅ ነው።

በዚህ ነገር አውሮፓውያንም ብዙ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 እንግሊዛዊቷ ሩት ሃሪሰን እንስሳትን እንደ ማሽን ስለሚቆጥር አረባብ መጽሐፍ ብታወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፤ በፕሮፌሰር ብራምቤል የተመራ ኮሚቴም በ1965 ሪፖርቱን አቀረበ። ኮሚቴው ከሰጠው ምክር አንዱ ቀጭን የሽቦ ወለል ለዶሮ አይመችምና ይቅር የሚል ነበር። ነገር ግን በ1973 ሂዩዝና ብላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ዶሮዎቹን ራሳቸውን ቢያስመርጧቸው፣ የመረጡት ያንኑ ቀጭኑን ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ለሰው ዓይን የማይመች መስሎ የታየው ለዶሮ እግር ተስማምቶ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት ባዶውን ኬጅ ከ2012 መጀመሪያ አንሥቶ ከልክሏል። ከዚያ በፊት ለአንዲት ዶሮ የተወሰነላት ትንሹ ቦታ 550 ካሬ ሴንቲሜትር ነበር፤ ይህም 21 በ29.7 ሴንቲሜትር ከሆነው ተራ የጽሕፈት ወረቀት ያንሳል። ሕጉ በፈቀደው የተሟላ ኬጅ ግን ለእያንዳንዷ ቢያንስ 750 ካሬ ሴንቲሜትርና 15 ሴንቲሜትር ቆጥ፣ እንዲሁም እንቁላል መጣያና መጫሪያ ግድ ነው።

እንግዲህ ይህን ወደ አገራችን ስናመጣው ወጪው ብዙ አይደለም። ጠርዙ የለሰለሰ እንጨት ለቆጥ ይበቃል። አሮጌ ቅርጫት ጭድ ተነጥፎበት በጨለማው ጥግ ቢቀመጥ መጣያ ይሆናል። ከወለሉ አንዱ ወገን ድፍን ጣውላ ሆኖ ጭድ ይበተንበት፤ ከጥሬው ጥቂቱም እዚያው ይነስነስ፤ ፈልጋ ታግኘው። አመድና ደረቅ አፈር በጎድጓዳ ዕቃ ይቅረብላት፤ የጎመን ቅጠልም ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። የደጋው ብርድ ብርቱ ስለሆነ ነፋስ የሚመጣበት ወገን ይሸፈን፤ ዳሩ ግን የኩሱ ሽታ እንዳያፍናት ከላይ አየር መውጫ ይተውለት።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መመልከት ነው። ሁለት ዓይነት ቆጥ አስገብተን ማታ በየትኛው ላይ እንደ ሰፈረች እንይ፤ ያልፈለገችውን እናውጣ። ለእኛስ አልጋና ምሳ ብቻ ተሰጥቶን ቤተ መጻሕፍቱና ሜዳው ቢዘጋብን ጠግበዋልና ምን ጎደላቸው ቢባል እንቀበለው ነበርን? ዶሮ አቤቱታ መጻፍ አትችልም፤ የምትመርጠውን አይቶ መልሷን ማንበብ ግን ለባለቤቷ የተተወ ሥራ ነው።