ለአርሲ ዳገት የሚስማማው የኋላ ክንድ፤ ርዝመቱ በምን ይመረጣል?

በአሰላ ገበያ እህል የሚያመላልስ የፈረስ ጋሪ ነጂ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ዞር ብሎ ጭነቱን ያያል። ጆንያው ወደ ኋላ በዝቶ እንደ ሆነ ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህን ሳያደርግ ቢቀር ጋሪው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ፈረሱ የሚታሰርባቸው ሁለቱ እንጨቶችም ሽቅብ ይነሡና እንስሳው እንደ ልቡ መሳብ ይሳነዋል። ነጂው ይህን ሚዛን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራው ነው።

ዛሬ ባለ አራት ጎማ ሞተር ብስክሌትንና መለዋወጫውን ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴም ከዚህ ጋሪ ነጂ የሚማረው አለ። ከውጭ አገር በሚመጡት የዕቃ ዝርዝሮች ውስጥ ለስፖርት ዐይነት ሞተሮች «የረዘመ የኋላ ክንድ» የሚባል ዕቃ ይገኛል። ይኸው ክንድ ከመደበኛው በ2፣ በ4፣ በ6፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 10 ኢንች ድረስ የረዘመ ሆኖ ይሸጣል። ለዲክሲስና ለአካባቢው ደጋ የሚስማማው የትኛው ነው? አስመጪው የተሳሳተውን ቢመርጥ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ይታሰራል፤ ደንበኛው የተሳሳተውን ቢገጥም ግን ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

የክንዱ ሥራ

የኋላ ክንድ ማለት የኋላውን የጎማ ዘንግ ይዞ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ብረት ነው። ከፊቱ በኩል በኩሽኔታ ላይ ተሰክቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ሞላውና ንዝረት አብራጁም በእርሱ ላይ ያርፋሉ። የሞተሩ ኀይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚደርሰው በካቴና ስለ ሆነ ክንዱ ሲረዝም ካቴናውም አብሮ መርዘም አለበት።

ክንዱ ሲረዝም በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። በታወቁት የስፖርት ዐይነቶች፣ ለምሳሌ በያማሃ ራፕተር 700 እና በያማሃ ዋይ ኤፍ ዜድ 450 አር፣ ይህ ርቀት ከ1,270 እስከ 1,280 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኋላው ጎማ ወደ ኋላ በራቀ መጠን የነጂውና የሞተሩ ክብደት ከኋላው ጎማ ወደ ፊት ያረፈ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ነዳጅ በኀይል በተሰጠ ጊዜ የፊት ጎማዎች ከመሬት ለመነሣት አይቸኩሉም። የረዘመው ክንድ በመጀመሪያ የተፈለገው በአሸዋ ክምር ላይ ለሚወጡና በቀጥታ መንገድ ለሚሽቀዳደሙ ሰዎች የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

የእነዚህ ሞተሮች ታሪክ ራሱ ስለ ሚዛን የሚያስተምረው አለ። የሆንዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው የዚህ ዐይነት ሞተር ባለ ሦስት ጎማ ነበር። የሱዙኪ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለ አራት ጎማውን፣ በ1985 ደግሞ ለፍጥነት የተሠራውን የስፖርት ዐይነት አወጣ። በባለ ሦስት ጎማዎቹ ላይ የደረሰው አደጋ ስለ በዛ አምራቾቹ በ1988 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት እነርሱን በአዲስነት መሸጥ አቆሙ። አንድ ዕቃ በገበያ መወደዱ ብቻ ለነጋዴው ዋስትና እንደማይሆን ይህ በቂ ምስክር ነው።

ዳገቱ፣ ጭነቱና ክንዱ በቁጥር ሲመዘኑ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ሞተሩ 190 ኪሎ፣ ነጂው 70 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። የሁለቱ የክብደት ማእከል ከኋላው ጎማ ዘንግ 600 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ ከመሬት ደግሞ 650 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል እንበል። እንዲህ ያለው ሞተር ዳገት ላይ ዝም ብሎ ቢቆም ወደ ኋላ ለመገልበጥ የሚደርሰው ዳገቱ 43 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ክንዱ በ2 ኢንች፣ ማለትም በ50 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም ልኩ ወደ 45 ዲግሪ ይወጣል፤ በ4 ኢንች ሲረዝም ደግሞ ወደ 47 ዲግሪ ይደርሳል።

አሁን የዲክሲስ ገበሬ ልጅ 50 ኪሎ የስንዴ ጆንያ ከኋላ አስሮ ወደ ገበያ ሊሄድ ይነሣ። ጆንያው በኋላው ዘንግ ትክክል፣ ከመሬት 900 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ በመደበኛው ክንድ የነበረው 43 ዲግሪ ወደ 36 ይወርዳል። ክንዱ በ2 ኢንች ቢረዝም 39፣ በ4 ኢንች ቢረዝም 41 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጆንያ የወሰደውን ሚዛን የ4 ኢንች ጭማሪ እንኳ ሙሉ በሙሉ ሊመልሰው አልቻለም።

እነዚህ ቁጥሮች ለቆመ ሞተር የተሰሉ ናቸው። በጉዞ ላይ ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ፣ የፊት ጎማ ድንጋይ ሲመታ ወይም ሞላው ተጨምቆ ሲመለስ ሞተሩ ከዚህ በጣም ባነሰ ዳገት ሊገለበጥ ይችላል። የስፖርት ዐይነቶቹ ለአንድ ነጂ ብቻ የተሠሩ ሲሆኑ የጭነት መደርደሪያ የሌላቸውም ለዚህ ነው። ጆንያ የሚጭን ደንበኛ የሚያስፈልገው የረዘመ ክንድ ሳይሆን ከፋብሪካው መደርደሪያ ተሠርቶለት የጭነት ልኩ የተጻፈለት የሥራ ዐይነት ሞተር ነው። ባለሱቁ ይህን ሳይነግረው ክንዱን ቢሸጥለት ለአንድ ቀን ትርፍ ብሎ ደንበኛውን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

የደጋው አየርና ጠባቡ መንገድ

የአሰላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በስተ ምሥራቋ ያለው የጭላሎ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በአሰላ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ልዩ የአየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከኀይሉ ያንኑ ያህል ያጣል። ስለዚህ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ በሞተሩ ኀይል ብቻ የፊት ጎማ እየተነሣበት የ6 ወይም የ8 ኢንች ጭማሪ ያስፈለገው ሰው ያለው ችግር፣ በአርሲ ደጋ በዚያው መጠን አይገኝም። ነገር ግን አየሩ ቢሳሳም ዳገቱ አይቀንስም፤ ነጂውም ኀይል ለማግኘት ዝቅተኛ ማርሽ ሲጠቀም የፊት ጎማው እንደገና ለመነሣት ይቀላል። ጥቂት ጭማሪ ሊጠቅም የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሌላው በኩል ደግሞ መንገዱ አለ። የገጠሩ መንገድ በማሳና በማሳ መካከል የሚጠማዘዝ፣ በክረምት ጭቃ የሚውጠው፣ በበጋ የጋሪ ጎማ የቆፈረው ቦይ ያለበት ነው። ሞተር በሚታጠፍበት ጊዜ የሚያስፈልገው ስፋት በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ባለው ርቀት ልክ ያድጋል። 1,280 ሚሊ ሜትር የነበረው ርቀት በ4 ኢንች ሲጨምር የመታጠፊያው ስፋት በመቶ 8 ያህል፣ በ10 ኢንች ሲጨምር በመቶ 20 ያህል ይበልጣል። በጠባብ መንገድ በአንድ ጊዜ መታጠፍ ያቃተው ነጂ ዳገት መካከል ቆሞ ወደ ኋላ ለመመለስ ይገደዳል፤ ይህም ከሁሉ የከፋው ሁናቴ ነው። ከዚህም ሌላ ረጅም ሞተር የጉብታ ጫፍ ሲሻገር ሆዱ መሬት ይነካል።

እንግዲህ ለዚህ አገር ምርጫው ከሁለት አይወጣም። በጠባብ መንገድ፣ በማሳ ዳርና በመንደር መካከል ለሚነዳ ሰው ከፋብሪካው የመጣው መደበኛ ክንድ ይበቃዋል። ጭነት ሳይዝ ዳገት የሚያዘወትርና የፊት ጎማ መቅለሉ ያስቸገረው ልምድ ያለው ነጂ የ2 ኢንች ጭማሪ ይስማማዋል። የ4 ኢንች ጭማሪ ሰፊ ሜዳና ረጅም ቀጥተኛ ዳገት ላለው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለአሸዋና ለቀጥታ ውድድር የተሠራ ስለ ሆነ በልዩ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ሱቅ ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው ዕቃ አይደለም።

ክንዱ ብቻውን አይሸጥም

ክንዱን ያስመጣ ነጋዴ አብረውት የሚለወጡትን ዕቃዎች ካላስመጣ ደንበኛው ሥራ ፈት ሞተር ይዞ ይቀመጣል። በስፖርት ሞተሮች ላይ የተለመደው 520 የሚባለው የካቴና ቁጥር ሲሆን፣ ከአንዱ ዘለበት እስከ ሌላው ያለው ርቀት 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናው በላይና በታች ስለሚሄድ የ2 ኢንች ጭማሪ 4 ኢንች ካቴና ይፈልጋል፤ ይኸውም ከ6 ዘለበት ጥቂት የሚበልጥ ነው። ካቴና የሚቀጠለው እንደ ደንቡ በጥንድ ቁጥር ስለ ሆነ፣ 6 ወይም 8 ዘለበት የሚጨመረው ማጥበቂያው ባለው ቦታ መጠን ታይቶ ነው። ለ4 ኢንች ጭማሪ ደግሞ 12 ወይም 14 ዘለበት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዕቃ የኋላው ፍሬን ቱቦ ነው። አጭሩ ቱቦ ተወጥሮ ከቀረ ክንዱ ወደ ታች በወረደ ጊዜ ሊበጠስ ይችላል፤ ነጂው ያለ ኋላ ፍሬን የሚቀረውም ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል። የማቆሚያ ፍሬን ሽቦ ያለው ሞተር ከሆነ ይኸውም አብሮ ይታያል።

ሦስተኛው ሞላው ነው። የሞላው ማረፊያ ባለበት ቀርቶ ክንዱ ብቻ ሲረዝም ጎማው በሞላው ላይ ያለው ጉልበት ይበረታል። 500 ሚሊ ሜትር የነበረ ክንድ 550 ቢሆን ሞላው በጎማው በኩል በመቶ 17 ያህል እንደ ለሰለሰ ይቆጠራል። ስለዚህ የሞተሩ ኋላ ዝቅ ይላል፤ ኋላው ዝቅ ሲልም ፊቱ ይቀላል፤ በክንዱ የተገኘው ጥቅም ከፊሉ እንደገና ይጠፋል። መካኒኩ ሞላውን ማጥበቅ፣ ካልበቃም በጠንካራ መለወጥ ይኖርበታል።

ዋጋ ለመቀነስ ሲባል የነበረውን ክንድ ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም ግን መወገዝ ያለበት ነገር ነው። የአሉሚኒየም ክንድ በተበየደበት ስፍራ ጥንካሬውን ያጣል፤ ይህን ለመመለስም በልክ የሚሰጥ የእሳት ሙቀት ያስፈልገዋል። የብረቱም ቢሆን መስመሩ ጥቂት ከተጣመመ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ ካቴናውም ከጥርሱ ይወጣል።

የአስመጪው ጥንቃቄ

ትእዛዝ ከመላኩ በፊት አስመጪው ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይገባዋል። የመጀመሪያው የመንግሥት ደንብ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ የሚታወስ ሲሆን፣ ሊያስመጣ ያሰበው ሞተርና መለዋወጫ በምን ዐይነት እንደሚመደብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው የሞተሩ ዐይነትና የተሠራበት ዓመት ነው፤ የአንዱ ክንድ ለሌላው አይገጥምም፤ ስሙ አንድ የሆነ ሞተር እንኳ በየዓመቱ የኩሽኔታውና የዘንጉ ልክ ሊለወጥ ይችላል። ሦስተኛው የአምራቹ ጽሑፍ ነው፤ ክንዱን መለወጥ የፋብሪካውን ዋስትና የሚያስቀር እንደ ሆነ ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ባለሱቁም ክንዱን ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት ደንበኛውን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ የሚነዳው በየትኛው መንገድ ነው? ከኋላው ምን ይጭናል? ሞተሩን ከነዳ ስንት ጊዜ ሆነው? መልሱ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ አስመጪውም በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያህል ማዘዝ እንዳለበት ከዚያ ይረዳል።

በአርሲ ዕቃን ከመሬቱ ጋር ማስማማት ነባር ሥራ ነው። በአጭር ስሙ ካዱ እየተባለ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ካከናወናቸው ተግባሮች አንዱ የእርሻ መሣሪያዎች ለአካባቢው አፈርና ለበሬው ጉልበት የሚስማሙ መሆናቸውን በማሳ ላይ መሞከር ነበር። በሌላ አገር የተመሰገነ ማረሻ ሁሉ ለደጋው ጭቃ እንዳልሆነው፣ በሌላ አገር አሸዋ ላይ የተመሰገነ ክንድም ለዲክሲስ ዳገት ላይሆን ይችላል። ሁለት ክንዶችን በልዩ ልዩ ርዝመት አስመጥቶ፣ ልምድ ባለው ነጂና በመካኒክ ፊት ባዶውን ሞተር በአካባቢው መንገድ ማስሞከር ለአስመጪው ትንሽ ወጪ ነው። ብዙ ዕቃ ካዘዘ በኋላ ከሚደርስበት ኪሳራ ግን ያድነዋል።