ከመሪው ጀርባ ያለው ስዊች

ፍሬቻ የሚያሳየው፣ ረጅምና አጭር መብራት የሚያቀያይረውና የዝናብ መጥረጊያውን የሚያስነሳው እጀታ ሁሉ የሚገናኘው ከመሪው ጀርባ በተገጠመ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ነው፤ ኮምቢኔሽን ስዊች ይሉታል። ውስጡ ስስ የመዳብ ምላሶች፣ ትንንሽ ስፕሪንጎችና መሪው ወደ ቦታው ሲመለስ ፍሬቻውን የሚያጠፋ ጥርስ አሉት። እጅ የማይለየው ዕቃ ስለሆነ ያረጃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መቀየሩ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ጥፋቱ በእርግጥ የእሱ መሆኑን ማወቅና ኤርባጉን በጥንቃቄ መያዝ ነው።

ፍሬቻው እምቢ ሲል መጀመሪያ የአደጋ ጊዜ መብራቱን ይጫኑ። አራቱም ብልጭ ድርግም ካሉ አምፖሎቹም ብልጭታውን የሚሰጠው ሪሌም ደኅና ናቸው፤ የሚጠረጠሩት የፍሬቻው ፊውዝና ስዊቹ ይሆናሉ። ያልሠራው አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ፊውዙም ነፃ ነው። የፍሬቻ ደንበኛ ፍጥነት በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከዚያ ከፈጠነ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ አምፖል አለ ማለት ነው። መሪው ተመልሶ እጀታው አልመለስ ሲል፣ ወይም መብራቱ እጀታው በተነካ ቁጥር ሲጠፋና ሲበራ ግን ስዊቹ ራሱ አልቋል።

ስዊች ከእርጅና ሌላ በሙቀትም ይሞታል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የግንባር መብራቱ ኮረንቲ የሚያልፈው በዚሁ ዕቃ ውስጥ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ለድምቀት ተብሎ ባለ 100 ዋት ከተገባ ወደ 17 ይጠጋል። ምላሶቹ ይግላሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። አምፖሉ ሳይመለስ ስዊቹ ብቻ ቢቀየር አዲሱም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ መለዋወጫ ቤት ሲኬድ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይሻላል። የሶኬቱ ቅርጽና የፒኖቹ ብዛት አንድ መሆን አለበት። ለቀኝ መሪ የተሠራ የጃፓን ቶዮታ ስዊች የፍሬቻ እጀታው በቀኝ በኩል ስለሆነ ለእኛ የግራ መሪ አይሆንም።

ሥራው የሚጀምረው የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ፣ ቁልፉን አጥፍቶ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ በመንቀል ነው። ኤርባግ ያለው መኪና ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዛል። ቀጥሎ የመሪው ዓምድ ሽፋን በካቻቢቴ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በወጡ ብዙ ቶዮታዎች የግራና የቀኝ እጀታ ለየብቻ ስለተሠሩ፣ መያዣ ምላሱን ጫን ብሎ ወደ ጎን መሳብ ይበቃል፤ መሪው ባይነቀልም ይሆናል።

መሪው የሚነቀልባቸው መኪኖች ጥንቃቄ ይበዛባቸዋል። ኤርባጉ ሲወጣ ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቢጫ ሶኬቱን በቴስተር መለካት ክልክል ነው። የመሪውና የዘንጉ አቀማመጥ ምልክት ይደረግበታል። የመሪው ዳዶ ላልቶ ጫፉ ላይ ይቆያል እንጂ ጨርሶ አይወጣም፤ አለዚያ መሪው ድንገት ሲለቅ ፊት ይመታል። ከስዊቹ በላይ ለክላክሱና ለኤርባጉ ኮረንቲ የሚያደርስ፣ እንደ ሜትር የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ገመድ አለ። መሪው በተነቀለበት ጊዜ ይህ ገመድ መዞር የለበትም። መሐሉን ከሳተ መሪው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ ይበጠሳል፤ ያኔ ክላክሱ ዝም ይላል፣ የኤርባጉ ማስጠንቀቂያ መብራትም ይበራል።

አዲሱ ስዊች ሲገባ ሶኬቶቹ ቀጭ ብለው መያዛቸው፣ ሽቦዎቹም ዓምዱና ሽፋኑ መካከል አለመቆንጠጣቸው ይታያል። ዳዶው በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ልክ ይጠብቃል። መኪናው ኤርባግ ካለው፣ መሪው የግድ መነቀል ካለበትና መመሪያው በእጅዎ ከሌለ ግን ሥራውን ለመኪና ኤሌክትሪሲቲ ባለሙያ ይተዉት። ራስዎ ከቀየሩት ከግቢ ከመውጣትዎ በፊት የግራና የቀኝ ፍሬቻውን፣ ረጅሙንና አጭሩን መብራት፣ መጥረጊያውን፣ ውኃ መርጫውንና ክላክሱን አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ፍሬቻው መሪው ሲመለስ በራሱ መጥፋቱንም ያረጋግጡ።